የያሕያ ማዞሪያ

አዲስ አበባ፣ አያት
መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለሙነወር፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? የኮምቦልቻው ሱቅስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ያው በዚህ ሰሞን በቤታችን ደህና የሚባለውን ያህል።

«ያንን አሮጌ የጌም ማዞሪያ ምን ልታደርጊበት ነው?» ብለው በአውቶቡስ ሾፌሩ በሐምዛ የላኩብኝ ጥያቄ ደርሶኛል። በስልክ ብመልስልዎ ደስ ባለኝ። ግን ባለፈው ደውዬ «አባዬ መናገር አቃተው» ስልዎ፣ እርስዎ «ማን ሞተ?» ብለው ሱቁን ሙሉ እንዳስደነገጡት ሐምዛ ነግሮኛል። ስለዚህ ጆሮዎን በማያስቸግረው በወረቀት ይሁን።

አባቴን ስትሮክ ከመታው ክረምቱ አለፈ። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ ንግግሩ ጭራሽ ሄዷል። ስንጠይቀው ራሱን ይነቀንቃል፣ ግን ለሁሉም ነው የሚነቀንቀው። «ራበህ?» ስንለው ይነቀንቃል፣ «ጠገብክ?» ስንለውም ይነቀንቃል። እማዬ «ተይው ልጄ፣ አባትሽ ሄዷል፤ እዚህ የቀረው አካሉ ነው» ትላለች። እናቴ ሰዓዲያ ተስፋ ስትቆርጥ እንዴት እንደምትቆርጥ ያውቋታል። እኔ ግን አላመንኳትም። እንዳላምናት ያደረገኝ ግራ እጁ ነው።

ግራ እጁ ሥራ አይፈታም። የውሃ ፕላስቲክ ክዳን ያዞራል። የሬዲዮኑን ድምፅ መጨመሪያ ያዞራል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስበት ቆም ብሎ ያየውና ይመልሰዋል። መጀመሪያ የበሽታው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን የስኳር ዕቃውን ክዳን ሲያዞር አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አየሁና አወቅሁት። ሃያ ሁለት ሰፈር በነበረን ጌም ቤት፣ ያንን ኳስ እየመለሱ ግንብ የሚያፈርሱበትን ጨዋታ ሲጫወት እጁ እንዲህ ነበር። ቀኝ እጁ የሳንቲሙን ቆርቆሮ ስለሚይዝ ሁልጊዜ በግራው ነበር የሚጫወተው። ልጅ ሆኜ ከጎኑ ቆሜ ያየሁት ነው።

እንደሚያውቁት ቦሌ አንድ ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ኢሙሌተር የሚባል፣ የድሮ ማሽኖችን አስመስሎ የሚያጫውት ፕሮግራም አለ። ያው የኛ ጨዋታ፣ ያው ድምፁ፣ ያው ግንቡ በላፕቶፕ ላይ ይመጣል። የቸገረኝ የእጁ ነገር ነው። የኮምፒውተር ቁልፎች አይሆኑለትም፣ ማውሱ ይንሸራተትበታል። ከአንድ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ፓድል የሚባል ማዞሪያ ገዛሁለት። ለቤት ቴሌቪዥን ጌም የተሠራ ነው፤ እንደ ሬዲዮኑ ድምፅ መጨመሪያ በሁለቱም ጫፍ ይቆማል። ውስጡ ስላረጀ ሳይነኩት እንኳ ስክሪኑ ላይ ኳሷን የሚመልሰው ዱላ ይንቀጠቀጣል። አባዬ ያዘው፣ አዞረው፣ ጫፉ ላይ ቀጥ አለበት። ለቀቀውና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። የኛው አይቆምም ነበር፤ እስከፈለጉ ድረስ ይዞራል። እሱ ደግሞ እርስዎ ጋ ነው ያለው።

ማዞሪያውን ይላኩልኝ። ከቻሉ ደግሞ ራስዎ ይዘውት ይምጡ።

የወንድምዎ ልጅ፣ ሳና ያሕያ


ኮምቦልቻ
መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሳና፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። ስለ ጉልበቴ ጠይቀሻል፤ ጉልበቴ እንደ አንዳንድ የመንግሥት ሠራተኛ ሲፈልግ ይገባል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ሱቁ አለ። ለሰዓዲያ ሰላም በይልኝ። ቆርጣለች ያልሽውን አንብቤ አዘንኩ። ይህን ያህል ዓመት አብራው ኖራ እሷም ቢደክማት አይፈረድባትም።

ማዞሪያውን ልኬልሻለሁ። በአሮጌ ሽርጤ ጠቅልዬ የብስኩት ካርቶን ውስጥ አድርጌዋለሁ። ሐምዛ ጣሪያው ላይ እንዳይወረውረው ብዬ «እንቁላል ነው» ብዬዋለሁና እንዳታጋልጪኝ። ከሥሩ ጥርስ ጥርስ ያላት ክብ ቆርቆሮ ታገኛለሽ። እሷ በሁለት ትናንሽ ዓይኖች መካከል ስታልፍ ነው ማሽኑ ምን ያህል እንደዞረ የሚያውቀው። ዘይት እንዳታስነኪያት። በደረቅ ብሩሽ ጥረጊያት፣ ይበቃታል። ከእንጨቱ ስፈታው ገመዶቹን አልቆረጥኩም፤ እንዳሉ ናቸው።

ሁለተኛውን ነገር በአንድ መስመር ጠይቀሽኛል፤ እኔም በአንድ መስመር እመልስልሻለሁ። አልጠራኝም።

ይኸው ጻፍኩና አንድ መስመር አልበቃኝም። ያን ጊዜ ልጅ ነበርሽ፣ ከአባትሽ ወገን ብቻ ነው የሰማሽው። ጌም ቤታችን ለመንገዱ ሊፈርስ ሲል አባትሽ የኮንዶሚኒየሙን ዕጣ ሊያወጣ ሄዷል። አፍራሾቹ ደርሰዋል። ዝናቡ በተነሳው ቆርቆሮ በኩል እየገባ ማሽኑ ላይ ይወርዳል። ብቻዬን ላነሳው አልችልም። ቁራሌው በደጅ ሲያልፍ ጠራሁትና ሳጥኑን ከነስክሪኑ ሰጠሁት። ማዞሪያውን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። ዛሬም ትክክል ነበርኩ እላለሁ። አባትሽ ሲመለስ ባዶ ቦታ ጠበቀው። በሰፈሩ ፊት፣ በአፍራሾቹ ፊት፣ «ከዛሬ ጀምሮ እስክጠራህ ድረስ ደጄን እንዳትረግጥ» አለኝ። ሽማግሌ ላክሁበት። አብልቶ አጠጥቶ «የምጠራው እኔ ነኝ፣ በራሴ ጊዜ እጠራዋለሁ» ብሎ ሸኛቸው። ከዚያ ወዲያ ኮምቦልቻ ገባሁ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ታላቄ ነው፣ የተናገረውም እሱ ነው። እስኪጠራኝ ድረስ እጠብቃለሁ።

አላህ ያሽርልን።

አጎትሽ ሙነወር


አያት
ጥቅምት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

እንቁላሉ በሰላም ደርሷል። ሐምዛ ላምበረት መናኸሪያ ላይ በሁለት እጁ ይዞ አስረከበኝና «አንዱም አልተሰበረም» አለ። በሳቄ እንዳላጋልጥዎ ከንፈሬን ነክሼ ነው የተቀበልኩት።

ሽርጡን ስፈታው የሱቅዎ ሽታ፣ የቅመሙና የሳሙናው ሽታ ቤቱን ሞላው። አባዬ አፍንጫው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። እማዬ ሽርጡን ወሰደችና አጥባ በረንዳ ላይ አሰጣችው። ለምን እንዳጠበችው አልጠየቅኋትም፤ አሁን ሳስበው ግን ሽታው እንዲቆይለት ባይታጠብ ኖሮ እላለሁ።

«ምን ያህል ይበላል?» ብለው በሐምዛ በኩል ጠይቀዋል። ይበላል። እኛ እናጎርሰዋለን።

ስለ ሥራው ልንገርዎ። የማዞሪያው ነገር ከድሮ ማውስ ጋር አንድ ነው፤ ያ ኳስ የነበረው ማውስ ውስጡ እንደዚችው ዓይነት ጥርሳም ክብ አለው። ከቢሮ መጋዘን አንዱን አመጣሁ፣ አንጀቱን አወጣሁ፣ የእርስዎን ገመዶች በካውያ በየዓይኑ ላይ በየድኳቸው። ኮምፒውተሩ አሁን ማዞሪያውን ማውስ ነው ብሎ ያምናል። ኢሙሌተሩም አመነ። ኳሷን የሚለቀውን ቁልፍ በግራ እግሩ እንዲጫነው ወለሉ ላይ አደረግሁለት።

ደግሞ አንድ ስህተት አግኝቼ አርሜልዎታለሁ። መጋጠሚያው ላይ ነጩ ገመድ ከቢጫው፣ ቢጫው ከነጩ ተቀጥሎ ነበር። ማን እንደሠራው አላውቅም፤ አርባ ዓመት እንዲሁ መኖሩ ይገርማል። ነጩን ከነጩ፣ ቢጫውን ከቢጫው አገናኘሁት። አሁን በቀኝ ሲያዞሩት ዱላው ወደ ቀኝ፣ በግራ ሲያዞሩት ወደ ግራ ይሄዳል። ቆንጆ ሆኗል።

ነገ ጁምዓ ነው፤ ከሰላት መልስ አስቀምጠዋለሁ። ዱዓ ያድርጉልን።

ሳና


አያት
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

መልስዎን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው። አልሆነም።

ማዞሪያውን ሲያይ ዓይኑ ተለወጠ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ማንም አይነጥቀኝም። እጁን ዘርግቶ ያዘው፤ ልክ እንደ ድሮው፣ በሁለት ጣቱ። ኳሷን ራሱ በእግሩ ለቀቃት። ኳሷ ወረደች፣ አዞረ፣ ዱላው ከኳሷ ሸሸ። እንደገና ለቀቀ፤ እንደገና ሸሸ። ሦስተኛዋም እንዲሁ ጠፋች። ደጋግመን ሞከርን። አንዲት ጡብ እንኳ አልወደቀችም። መጨረሻ ላይ ማዞሪያውን ገፋና እንባው ወረደ። ከታመመ ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

እማዬ «ነገርኩሽ» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቱን አጠበችውና «ከእንግዲህ ልጁን አታሰቃዪው» አለች። ልጁን ነው ያለችው፣ አባቴን!

እሷ ልክ ሳትሆን አልቀረችም። እጁ ያሰብኩትን ያህል አላስታወሰም። ማዞሪያውን በሽርጥዎ ጠቅልዬ መልሼ እልክልዎታለሁ። ደክሞኛል አጎቴ።

ሳና


ኮምቦልቻ
ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳና፣

ሁለቱን ደብዳቤ አንድ ላይ ነው ያገኘኋቸው። ሐምዛ አውቶቡሱ ተበላሽቶበት ሳይመጣ ሰነበተ። ሰላምታውን ለኋላ እናቆየው።

ገመዱን ወደ ነበረበት መልሺው! ነጩን ከቢጫው፣ ቢጫውን ከነጩ። ዛሬውኑ። ይህን ወረቀት እንኳ አንብበሽ ሳትጨርሺ።

ልጄ፣ እሱ ስህተት አይደለም። ያንን ያጣመረው አባትሽ ራሱ ነው። ማሽኑን ከተዘጋው ሆቴል ገዝተን ያመጣን ሰሞን፣ ከሌላ ሰፈር የመጡ ጎረምሶች ነበሩ። በየሆቴሉ ጌም የሠለጠኑ ናቸው፤ በአንድ ሳንቲም ግማሽ ቀን ይጫወቱና የሃያ ሁለት ልጆች ከኋላቸው ቆመው ይውላሉ። አባትሽ አያባርራቸው ነገር፣ ደንበኛ ናቸው። አንድ ቀን ጌም ቤቱን ዘጋ፣ ከሥር ገብቶ ሁለቱን ገመድ አቀያየረ፣ ወጣ፣ እጁን ታጠበ። በማግስቱ ጎረምሶቹ መጡ፤ በቀኝ ሲያዞሩ ዱላው ወደ ግራ ይሸሻል። ተሳደቡ፣ ማሽኑን መቱት፣ ሄዱ። የሰፈሩ ልጆች ግን ገና እየተማሩ ስለነበር በዚያው ተማሩት። ትክክለኛው እሱ መሰላቸው። ሌላ ቤት ሄደው ሲጫወቱ የሚሸነፉት እነሱ ሆኑ፣ እየሮጡ ወደኛ ይመለሳሉ። አባትሽ ለአንዱም ሳይነግር እሱም በተቃራኒው ተለማመደ፤ ዕድሜውን ሙሉ እንዲያ ተጫወተ።

ለምን አልነገሩኝም ትይኛለሽ። የቤትሽ በር ወደ ውስጥ እንደሚከፈት ለማን ነግረሽ ታውቂያለሽ? እኔም እንዲያው ነው የሆንኩት። ያለፈውን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ትዝም አላለኝ።

አየሽ፣ የአባትሽ እጅ አልረሳም። እናንተ ናችሁ ቤቱን ያዞራችሁበት። ያለቀሰውም ለዚህ ይመስለኛል፤ እጁን የሚያምነው ሰው እጁ ከዳው ብሎ። ይህን ሳስብ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሳሙና ሊገዛ የገባው ሰው ደንግጦ ወጣ።

አብሽሪ። ገመዱን መልሺና ጻፊልኝ።

ሙነወር


አያት
ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ቸኩዬ ስለምጽፍ ፊደሌን ይቅር ይበሉኝ።

ገመዱን መለስኩት። እማዬ እንዳታየኝ ገበያ እስክትሄድ ጠበቅሁ፤ እንደገና ላስለቅሰው ነው ብላ ማዞሪያውን እንዳትደብቅብኝ ፈራሁ። አባዬ መጀመሪያ ሊይዘው አልፈለገም። እጁን ይዤ አስቀመጥኩለት። ኳሷ ወረደች። እጁ ቀድሟት ቆሞ ነበር። መለሳት። እንደገና መጣች፣ መለሳት። ጡቦቹ እየረገፉ ከላይ ቀዳዳ ተከፈተ። ኳሷን በዚያች ቀዳዳ አሳልፎ ከግንቡ ጀርባ ሲያስገባት፣ ያ ድሮ የምናውቀው ተከታታይ ድምፅ ቤቱን ሞላው። አስታወሱት? ልጆቹ ሁሉ «ገባች! ገባች!» እያሉ የሚጮሁበት።

እማዬ ያንን ድምፅ ደረጃ ላይ ሆና ሰምታ ኖሯል። የያዘችውን ቲማቲም በር ላይ ጣለችው። ከጎኑ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ጉልበቱን ይዛ «ያሕያ፣ አለህ እንዴ? አለህ እንዴ?» አለችው። እሱ ዓይኑን ከኳሷ አላነሳም። ድሮም ሲጫወት ካናገሩት አይወድም። እሷም ይህ ትዝ አላትና እያለቀሰች ሳቀች።

«የስም ቦታ ሲመጣስ ምን ያደርግ ይሆን?» ብለው በሐምዛ ጠይቀው ነበር። ውጤቱ ከፍ ሲል ማሽኑ ሦስት ፊደል አይደል የሚጠይቀው፤ ማዞሪያው ሲዞር የፈረንጅ ፊደሎቹ በተራ ያልፋሉ፣ የፈለጉት ላይ አቁመው ቁልፉን ይጫናሉ። እሱም ዋይ፣ ኤ፣ ኤች አለ። ያሕያ። ሦስቱንም ራሱ መረጠ፣ ራሱ በእግሩ ጫነ። ሐኪሙ ፊደል አይለይም ብሎን ነበር። ለይቷል፣ ቢያንስ እነዚያን።

በጌም ቤታችን መብራት ሲጠፋ ስሞቹ ሁሉ ይጠፉ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ልጆቹ መብራት ኃይልን ሲረግሙ። ትናንትም መብራት ጠፍቶ ዋለ። ሲመጣ ከፈትኩት፣ ስሙ አለ። ይኼኛው አይረሳም።

ሐኪሙ ሌላም ነገር ነግሮናል። ሁለተኛ ምት ሊመጣ ይችላል አለ፣ ከዚያ ያለፈውን ግን በወረቀት አላሰፍረውም፤ ሆድ ይፍጀው። እርስዎ ይረዱኛል። ይምጡ።

ሳና


ኮምቦልቻ
ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሳና፣

ደብዳቤሽን ለጎረቤቴ ለሚስባህ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ኳሷ ከግንቡ ጀርባ ስትገባ እሱም «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ተነሳ። ጌም ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ግን ተነሳ።

ከደብዳቤሽ በኋላ በሐምዛ አፍ የላክሽብኝ ቃልም ደርሶኛል። ሐምዛ ሊነግረኝ አልፈለገም፣ እኔ ነኝ ያስጨነቅሁት። «ለቀብሩ ነው የሚመጡት ወይ በልልኝ» ብለሻል። ልጅ ሆነሽ ይህን ማለትሽ አመመኝ። ውሸት አለመሆኑ ደግሞ ይበልጥ አመመኝ።

ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ቦርሳዬን ይዤ መናኸሪያ ሄጃለሁ። ትኬት ቆርጫለሁ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ወረድኩ። ረዳቱ ሰደበኝ፣ ልክ ነው። ትዕቢት ነው ትይኛለሽ። ይሁን፣ ትዕቢትም አለበት። ግን ስሚኝ። አባትሽ ጤነኛ ሆኖ ሳይጠራኝ ብገባ ኖሮ «ውጣልኝ» ሊለኝ ይችል ነበር። አሁን አይችልም። ውጣ ማለት የማይችልን ሰው ቤት፣ አትግባ ያለኝን ሰው ቤት፣ አፉ ተዘጋ ብዬ ብገባ ስርቆት ነው የሚሆንብኝ። ነቀነቀ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ፤ ለራቡም ለጥጋቡም ይነቀንቃል ያልሽኝ አንቺው ነሽ። ሚስባህ «ህመም መሐላን ይሽራል» ይለኛል። ሊሽር ይችላል። ወንድሜ ግን እኔን የከለከለኝ በመሐላ አይደለም፣ በልቡ ነው። ልቡ ይጥራኝ።

እወደዋለሁ። ይህንንም ለሱ ነግሬው አላውቅም።

የጌም ቤታችንን ወግ ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም። ተራ የሚይዝ ልጅ ሳንቲሙን የማሽኑ መስተዋት ጥግ ላይ ያኖራል፣ «ቀጣይ ነኝ» ይላል፣ ከተጫዋቹ ኋላ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። «ቶሎ በል» ማለት የለም፣ ትከሻ መንካት የለም። ሳንቲም ያኖረ ልጅ እናቱ ጠርታው ቢሄድ እንኳ ተራው ይጠበቅለታል፤ ሳንቲሙን ማንም አይነካውም። ሳንቲም ለሌለው ልጅ አባትሽ ከቆርቆሮው አውጥቶ ራሱ ያኖርለት ነበር። እኔ «ልታከስረን ነው» እያልኩ እጨቃጨቀው ነበር። ይህን ለምን እንደጻፍኩልሽ አላውቅም። ስለ እሱ ማውራት ስለፈለግሁ ይሆናል።

ሙነወር


አያት
ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለሙነወር፣

አሰላሙ ዓለይኩም። በሐምዛ ስለላክሁት ቃል አውፍ ይበሉኝ። ተናድጄ ነው፣ ፈርቼም ነው። ሲናደዱ የተናገሩትን በወረቀት መመለስ እንዴት እንደሚከብድ አሁን ገባኝ።

ደብዳቤዎን ለአባዬ አነበብኩለት። ሙሉውን፣ ስለ ትኬቱም፣ ስለ ስርቆቱም፣ «እወደዋለሁ» ያሉትንም። እማዬ «ታስጨንቂዋለሽ» ብላ ከለከለችኝ፤ እኔ ግን አነበብኩ። ሲሰማ ፊቱ አልተለወጠም። ስጨርስ ራሱን ነቀነቀ። «እንዳትጽፊልኝ» ያሉትን ነው የጻፍኩት፣ ይታገሱኝ፣ ነገሩ እሱ አይደለም።

ከዚያ እጁን ወደ ማዞሪያው ዘረጋ። ከፈትኩለት። እንደ ሰሞኑ በደንብ ተጫወተ፣ ውጤቱም ከፍ አለ። የስም ቦታው መጣ። ፊደሎቹ መዞር ጀመሩ። ዋይ ላይ ይቆማል ብዬ ስጠብቅ አለፈው። እጁ ደከመ ብዬ ልረዳው ስል ክንዴን ገፋኝ። አጎቴ፣ ጠንክሮ ነው የገፋኝ። ማዞሪያውን ቀስ እያለ መለሰና ኤም ላይ አቆመ። ጫነ። ከዚያ ዩ። ጫነ። ከዚያ ኤን።

የእርስዎ ስም ነው። ያን ጊዜ በማሽናችን ላይ ይጽፉት የነበረው ስም፣ በነዚያው ሦስት ፊደል።

ተሳስቶ እንዳይሆን ብዬ ጠበቅሁ። ለእርስዎ ለመጻፍ እርግጠኛ መሆን ነበረብኝ። እንደገና ተጫወተ፣ እንደገና ያንኑ ጻፈ። በማግስቱም። በዚያኛውም ቀን። አንዴም የራሱን ስም አልጻፈም። አሁን የስሞቹ ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች እርስዎ ብቻ ነዎት። ያሕያ የሚለው ከሰሌዳው ወጥቷል፤ በራሱ እጅ እየገፋ ነው ያስወጣው። አንዱን ጽፎ ሲጨርስ ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል። ትንሽ ያያል። ከዚያ እንደገና ይጀምራል።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ እማዬ ለዳቦ ካስቀመጠችው ዝርዝር ላይ አንድ ሳንቲም አነሳ። ላፕቶፑ ጥግ ላይ፣ ስክሪኑ ሥር አኖራት። እማዬ ልታነሳት ስትል እጇን ያዘ። እኔ የጌም ቤቱን ወግ አንብቤላት ስለነበር «እማ፣ ተያት» አልኳት። እማዬ ሳንቲሟን አየቻት፣ በሩን አየች። ከዚያ ተነስታ ሽርጥዎን ከቁምሳጥን አወጣችና አልጋው ራስጌ ላይ አጥፋ አስቀመጠችው። «ሲመጣ የሚለብሰው አይጣ» አለች።

በአፉ አይደለም የጠራዎት። አፍ የለውም። ያለውን ሁሉ ግን አውጥቶ ጠርቶዎታል፣ ደጋግሞ። ከእንግዲህ ያለውን እርስዎ ይፍረዱ።

ሳና


ላምበረት
ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሳና፣

ይህን ደብዳቤ ለሐምዛ አልሰጠሁትም። እሱ ፊት ለፊት ሲነዳ፣ እኔ ከኋላው ተቀምጬ መጥቻለሁ። ላምበረት ስወርድ ቦርሳዬን ተሸከመልኝና «ዛሬስ እንቁላሉ እርስዎ ነዎት» አለኝ። ለካ ከመጀመሪያውም ያውቅ ኖሯል።

መናኸሪያው በር ላይ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ሻዩ ቀርቧል፣ አልወረደልኝም። በመንገድ ላይ ብዙ የምለው አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ዝናቡ፣ ለምን ትክክል እንደነበርኩ። ደብረ ሲና ላይ ግማሹን ረሳሁት፣ እዚህ ስደርስ የቀረውን ተውኩት። ትክክል መሆኔ ለምን ይጠቅመዋል?

ከዚህ አያት ድረስ ታክሲ እይዛለሁ። ብሎካችሁ ስደርስ ወረቀቱን ለጥበቃው ሰጥቼ ወደ ላይ እልከዋለሁ። እኔ ደረጃው ሥር እቆማለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ እየሮጥሽ እንዳትወርጂ። ከሥርም ሆኜ ስጮህ እንዳትጠብቂኝ፤ ስም ጠርቶ ማስገባት የሱ ነበር፣ ጠርቷል፣ እኔ የቀረኝ መቆም ነው።

አባትሽ እየተጫወተ ከሆነ ዝም በይ። ኳሷ በአየር ላይ እያለች ማንም አያናግረውም። ሰዓዲያም ዝም ትበል፣ ቡናውም ሻዩም ይቆይ። እስኪጨርስ ድረስ እጠብቃለሁ፤ ጉልበቴ ዛሬ ሥራ ገብቷል፣ ይችላል። ሲጨርስ፣ ስሜን ጽፎ ወደ በሩ ሲዞር፣ ያን ጊዜ በሩን ክፈቺልኝ፤ ወጥቼ ከኋላው እቆማለሁ።

ሳንቲሟን እንዳታነሷት። ያኖረልኝ እሱ ነው። ከኋላው የቆመው ማን ነው ካለ በዓይኑ፣ ጆሮው አጠገብ ጎንበስ ብለሽ ይህንን ብቻ ንገሪው፦

ሙነወር ነው፣ ቀጣይ ነኝ ይላል።